በጥብጣብ ፋብሪካው ምድር ቤት

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመዘምራን ዜማ ቀዳሁ፣
ከሳል፣ ከማዛጋት፣ ከወንበር ሲጥሲጥታ ክሩን እያጸዳሁ።
በምላጭ ስቆርጥ ስፌቱን ማንም ሰው አያስተውልም፤
ፓስተሩ ቢያነጥስም ቆርጬ ነው የምጥለው፣ «ይማርዎት» አልልም።

ያን ዓመት በጥቅምት፣ ከቩፐር ወንዝ ዳር፣
ጥብጣብ ይሸመንበት ከነበረ ፋብሪካ፣ ከምድር ቤቴ በር፣
አራት ልጆች መጡ በዝናብ በስብሰው፣
ከበሮና ጊታር በሕፃን ጋሪ አግበስብሰው።
«ሄር ሉደከ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ አንዷ ጠጋ ብላ፣
ጸጉሯ አረንጓዴ፣ የሽንት ቤት መሳቢያ ሰንሰለት አንገቷ ላይ አንጠልጥላ።

ቪብከ ነው ስሟ፤ ቀን ቀን ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወረፋ ትጠራለች፣
«ቀጣይ!» ስትል ውላ፣ ማታ ያንኑ ቃል በዘፈን ትደግመዋለች።
ከበሮ መቺው ኤካርት ከቄራ ነው የመጣ፣
ከጥፍሩ ሥር የላም ደም ገና ሳይወጣ።
ሄንሪከ ባለቤዟ ከሰው አታወራ፤
ኢንጎ ሦስት ኮርድ ነው የሚያውቀው፣ አራተኛውን ሲፈራ።

የአራቱን ሌሊት ኪራይ የከፈሉት
የኢንጎ እናት ናቸው፤ ለልብስ ማጠቢያ ማሽን ብለው ካጠራቀሙት።
«እጄ አልሞተ» አሉ አሉ፣ ማርኩን ቆጥረው ሲሰጡት።

የመጀመሪያው ሌሊት እንዲሁ ባከነ፤
ተንጠልጣዩ ባቡር ከወንዙ በላይ ሲያልፍ ግድግዳው እየዘፈነ፣
በየስምንት ደቂቃው የድምፅ መለኪያው መርፌ እየዘለለ፣
«ቁም!» እላለሁ እኔ። ጀምሮ የጨረሰ ዘፈን የለ።

በሁለተኛው ሌሊት የኤካርት ዱላ ከእጁ አመለጠ፣
አምፖሉን ሰበረና ማዕዘን ጋ ተቀመጠ።
ክሩን አቆምሁት።
«ለምን አቆሙት?»
«ከበሮው ሳተ እኮ።»
                «ሳተ እንጂ ሞተ?
በጨለማ ሲመታ ነበር፤ እርስዎ ነዎት ያቋረጡት» አለች፣ ድምፅዋ ከረር እንዳለ፤
እኔም ዝም አልሁ። ምላጬ ኪሴ ውስጥ የከበደ መሰለ።

በሦስተኛው ሌሊት የቪብከ ጉሮሮ ተዘጋ፤
የሽንኩርት ውኃ በማር አጠጣናት፤ አይሆንም፤ ሌሊቱም ሊነጋ።
ሄንሪከ፣ ያቺ ዝምተኛ፣ ማይክራፎኑን ወደ ራሷ ሳበች፣
ዓይኗን ጨፍና «ቀጣይ!» ብላ ገባች።
ወዲያው የንጋቱ ባቡር መጣ፤ ግድግዳው ተርገፈገፈ፤
እጄ ወደ ማቆሚያው ሄዶ ነበር፤ ሄዶ ዐረፈ።
ባቡሩ ከቤዙ ጋር አንድ ቃና ሆኖ፣
ከበሮውን አልፎ፣ በማይክራፎኑ ገብቶ፣ ክሩ ላይ ሰፍኖ
ቀረ።

ያን ጊዜ ነው «ይቅዱ» ሲሉኝ የከረሙት «ቅዳ!» ያሉኝ፣
ቢራ መስሎኝ ብርጭቆ ሳነሣ፣ እንባቸው እስኪፈስ የሳቁብኝ።
ስልሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ሚስቴ ካለፈች ወዲያ
«አንተ» ያለኝ ሰው አልነበረም፣ ከደጄ እስከ ገበያ።

በአራተኛው ሌሊት ክር አለቀ፤ መግዣም የለ፤
ከመደርደሪያ አወረድሁ የፋሲካ መዝሙር፣ አቧራ ያዘለ።
በላዩ ቀዳንበት። ይቅር ይበለን እንጂ፣
ከጩኸቱ ማብቂያ አንዲት «አሜን» ቀርታለች በሁሉም ቅጂ።

አምስት መቶ ታተመ። ሽፋኑን ሄንሪከ፣ ድንች ቀርጻ፣ መታችው በቀለም፤
ከአምስት መቶው መካከል ሁለት አንድ ዓይነት የለም።
አንዱን ለኢንጎ እናት ወሰድንላቸው።
ኩሽና ነበሩ፤ እስከ ክርን ድረስ አረፋ ውስጥ እጃቸው።
ማጫወቻው ላይ አኖርነው። ሄንሪከ ጮኸች፤ ባቡሩ መጣ፤
ኢንጎ ወለሉን ያያል፤ ላብ ከግንባሩ ወጣ።
እናቱ ጎንበስ አሉ፤ ጥቁሩን ሸክላ ሲዞር አዩና
«መዞሩን እንኳ ይዞራል» ብለው፣ ተመለሱ ወደ እጥበታቸው እንደገና።

ፊቱ ሲያልቅ ዝም አልን፤ ማንም ማንንም አላየም።
ከኩሽና ድምፅ መጣ፦
«ገልብጡት እንጂ! ልብስ በአንድ ፊቱ ብቻ አይታጠብም።»